የበሽታው ስምና የግሡ ባለቤት፤ በ«አተት» ማስታወቂያዎች ቋንቋ ላይ የቀረበ ሂስ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍላችን ሂስ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ልብ ወለድ፣ ግጥም ወይም ተውኔት ነው። የመንግሥት ማስታወቂያ ለሂስ ሲቀርብ አላየሁም። ምክንያቱ ተገቢ ይመስላል፤ ማስታወቂያ የታወቀ ደራሲ የለውም፣ ውበትን ዓላማው አላደረገም፣ ዕድሜውም ከተለጠፈበት ሙጫ አይበልጥም። ይሁን እንጂ ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በአማርኛ ከተጻፈው ሁሉ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ፣ በየቀበሌው በርና በየትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተለጥፎ፣ በሬዲዮ ተነብቦ፣ ማንበብ ለማይችለውም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አፍ ተነግሮ የሕዝቡን ጆሮ ያገኘ ጽሑፍ ቢፈለግ፣ ስለ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፣ በአጭሩ ስለ «አተት» የወጣውን የሚያህል ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም። ይህ ጽሑፍ ያንን ቋንቋ ለመመርመር ይሞክራል። የምመረምረውም ያምራል ወይስ አያምርም ለማለት ሳይሆን፣ መንግሥት ስለ ሕዝብ ጤና በሚናገርበት ጊዜ ራሱን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የት ላይ እንደሚያስቀምጥ ለማየት ነው።

ነገሩን በቅርብ ያልተከታተለ ተማሪ ሊኖር ስለሚችል ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። በ1998 ዓ.ም. ጋምቤላ ላይ የታየ የተቅማጥ ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛመተ። በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባን ጨምሮ ተመልሶ መጣ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ዋና ከተማዋን እንደገና አስጨነቀ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሌ ክልል በድርቁ ላይ ተደርቦ እጅግ ብዙ ሰው አጠቃ። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ የበሽታው መንግሥታዊ ስም «አተት» ነበር። «ኮሌራ» የሚለው ቃል በይፋ የመንግሥት መግለጫ ውስጥ ቦታውን ያገኘው በ2011 ዓ.ም. ነው።

እኔ ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ባለ አራት ገጽ በራሪ ጽሑፍ የቋንቋ እርማት እንዳደርግለት ተሰጥቶኝ ነበር። ለእኛ ለአማርኛ መምህራን እንዲህ ያለው ሥራ እንግዳ አይደለም፤ ክፍያው በገጽ ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ አይጠላም። ረቂቁን ያዘጋጀው ሰው፣ ባለሙያ ሳይሆን አይቀርም፣ በሁለት ቦታ ላይ «ኮሌራ» ብሎ ነበር። በቀሩት ቦታዎች ሁሉ «አተት» ስለሚል፣ ወጥነት እንዲኖረው በሚል ሁለቱንም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ «አተት» አደረግኋቸው። ማንም አላዘዘኝም። ነጠላ ሰረዞቹንም አስተካክዬ መለስኩ፤ ገንዘቡንም ተቀበልኩ።

በዚያው ወር ከቤታችን ጀርባ የሚኖሩ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እማማ የሚላቸው አሮጊት ታመው ለዚሁ በሽታ ወደ ተተከለ ድንኳን ተወሰዱ። ልጠይቃቸው ብሄድ ዘበኛው «ጥየቃ የለም» ብሎ መለሰኝ፤ በሽታው የሚተላለፍ ስለሆነ ትክክል ነበረ። እማማ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድነው ተመለሱ። ቤታቸው ቡና ተፈልቶ ሳለ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ያመመኝ ምን ነበር?»

«አተት ነው፣ እማማ።»

«እሱንማ ነግረውኛል። ምንድን ነው ነው የምልህ?»

ፊደሎቹን ዘርዝሬ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው አልኳቸው። እማማ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ያንንማ እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አሉኝ።

ከዚህ የተሻለ የቃል ትንተና እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። «አተት» የሚለው ስም ታማሚው ለሐኪሙ የተናገረውን ምልክት ተቀብሎ፣ በምሕጻረ ቃል አሳጥሮ፣ ማኅተም አድርጎ መልሶ ለታማሚው ይሰጠዋል። ምን ያህል እንደሚያስቀምጥ፣ እንደሚያስመልስ፣ እንደሚያጣድፍ ታማሚው ቀድሞ ያውቃል። የማያውቀውና ሊነገረው የሚገባው በሽታው ከየት እንደ መጣ ነው። ኮሌራ ከየት እንደሚመጣ የታወቀ ነገር ነው፤ በሰው ዓይነ ምድር ከተበከለ ውሃና ምግብ ይመጣል። ስለዚህ «ኮሌራ» የሚለው ቃል ጣቱን ወደ ቧንቧው፣ ወደ ጉድጓዱና ወደ ወንዙ ይቀስራል። «አተት» ደግሞ ወደ ሆድ። ውሃ የማዳረስ ኃላፊነት ያለበት መሥሪያ ቤት አለ፤ ሆድ ግን የባለሆዱ የግል ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለ የስም ምርጫ በአገራችን የመጀመሪያው አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሕዝብ ሲያልቅ «ድርቅ» እና «ረሃብ» የሚሉት ሁለት ቃላት የያዙትን ቦታ ማስታወስ ይበቃል። ድርቅ ሰማይን ይከስሳል፤ ረሃብ ግን ጎተራውንና ጎተራውን የያዘውን ይጠይቃል። የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ሲያሳዩ ያደረጉት ነገር በእኔ አስተያየት ቃል የማረም ሥራ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም በርእሱ ላይ ያስቀመጠው ረሃብን እንጂ ድርቅን አይደለም፤ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለአገሩ ሰው ሲታይ ምን እንዳስከተለ ይታወቃል። ብርሃኑ ዘሪሁን ማዕበል በተሰኘው ሥራው ወደዚሁ ረሃብ የተመለሰው በከንቱ አይመስለኝም። አብዮቱን ለመተረክ የተነሣ ደራሲ መነሻውን ከወሎ ማድረጉ፣ ተጠያቂነት የሚጀምረው ነገሩ በስሙ ከተጠራበት ቦታ መሆኑን የተረዳ ሰው ምርጫ ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ስንሄድ ሕዝቡ ራሱ ያወጣው ስም እናገኛለን። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የገባው የሳንባ ወረርሽኝ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ድነዋል፤ በሕይወት ታሪካቸውም ነገሩን በጥቂት መስመሮች ያልፉታል። ሕዝቡ ግን አላለፈውም። እስከ ዛሬ ድረስ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ያጥናል። ስሙ የሕክምና ዕውቀት የለበትም፤ ይሁን እንጂ ቀን አለበት። ቀን ያለበት ስም መዝገብ ነው፤ መቼ፣ ማን በነገሠ ጊዜ፣ ምን ያህል ሰው ሲያልቅ የሚሉት ጥያቄዎች ተከትለውት ይመጣሉ። «አተት» ቀን የለውም። የ1998ቱም፣ የ2001ዱም፣ የ2008ቱም አተት አንድ ዓይነት አተት ነው፤ ሁልጊዜ አዲስ፣ ሁልጊዜ ድንገተኛ። በነገራችን ላይ ያንኑ የኅዳር በሽታ ሌላው ዓለም «የስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ» ይለዋል። በሽታው ከስፓኝ ስለ መጣ አይደለም፤ ስፓኝ በጦርነቱ ገለልተኛ ስለነበረችና ጋዜጦቿ እንደ ተዋጊዎቹ አገሮች ጋዜጦች በሳንሱር ስላልታፈኑ በሽታውን በግልጽ ጻፉ እንጂ። እውነቱን የተናገረ አገር በሽታው በስሙ ተጠራበት። ባለሥልጣን ሁሉ ይህን ታሪክ ባያውቀውም ትምህርቱ የገባው ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። አማርኛ በሽታን በስሙ የማይጠራ ቋንቋ ነው፤ ሰዉ «ያ በሽታ»፣ «የዘመኑ በሽታ» እያለ ሲሸፋፍን ኖሯል፤ ታዲያ መንግሥት ቢሸፋፍን ምን ይደንቃል? የትምህርት ክፍላችን ሰው ደግሞ ሰምና ወርቅን ሊጠቅስ ይችላል። ሁለቱም ንጽጽሮች የሚያስኬዱ አይመስሉኝም። እናት ስለ ልጇ «ያ በሽታ» ስትል የምትሸፍነው የታመመውን ነው፤ ስሙ ቢወጣ የሚጎዳው እሱ ነውና። «አተት» ግን ታማሚውን አይሸፍንም፤ እንዲያውም ተቅማጡንና ትውከቱን በአደባባይ ያነብበታል። የሚሸፈነው ሌላ ነው። ሰምና ወርቅን በተመለከተም፣ ቅኔ ዘራፊው የሚፈልገው አድማጩ ሰሙን አቅልጦ ወርቁ ዘንድ እንዲደርስ ነው፤ ካልደረሰ ቅኔው ከሸፈ። የማስታወቂያው አዘጋጅ የሚፈልገው አድማጩ ሰሙ ላይ እንዲቀር ነው። (ሕዝቡ ግን አልቀረም። በዚያ ክረምት ታክሲ ውስጥ የተሳፈረ ሰው «ኮሌራ ገብቷል» ሲባል ሰምቷል። እኔ ሰርዤ ያወጣሁት ቃል በየታክሲው ይዞር ነበር።)

ወደ ዓረፍተ ነገሩ ልለፍ። የማንንም ጽሑፍ ለይቶ መጥቀስ ስለማልፈልግ፣ ከእነዚህ ማስታወቂያዎች የጋራ ባሕርይ ተነሥቼ ራሴ ያቀናበርኩትን አንድ ናሙና ላቅርብ፦

«በአንዳንድ አካባቢዎች የአተት ምልክት ታይቷል። አስፈላጊው ቅድመ ዝግጅት ተደርጓል። በሽታው በቁጥጥር ሥር ውሏል። ኅብረተሰቡ ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ፣ እጁን በሳሙና እንዲታጠብና በመጸዳጃ ቤት እንዲጠቀም ጥሪ ቀርቧል።»

ተማሪዎቼ ይህን ሲያነቡ እውነተኛ ማስታወቂያ መስሏቸው ከየት እንደ ቀዳሁት ጠይቀውኛል። አሁን ግሦቹን እንይ። «ታይቷል»፣ «ተደርጓል»፣ «ቀርቧል»። ማን አየ? ማን አደረገ? ማን አቀረበ? አማርኛ ግሥ ያለ ባለቤት አይቆምም፤ የባለቤቱ ምልክት በግሡ አካል ላይ ተለጥፎ ይኖራል። እንግሊዝኛ አድራጊውን ትቶ ማለፍ ሲፈልግ ቀላል ነው ይባላል፤ በአማርኛ ግን አድራጊውን ለመሰወር ሌላ ነገር በባለቤትነት መሾም ያስፈልጋል። «ቅድመ ዝግጅት ተደርጓል» ስንል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ቅድመ ዝግጅቱ ራሱ ነው። ራሱን በራሱ ያደረገ ዝግጅት! ሰዋስዋችን ለዚህ የሰጠው ቃል «ባለቤት» መሆኑ እንዴት ያለ ነገር ነው፤ ቤቱን፣ ንብረቱን፣ ኃላፊነቱን የያዘ ማለት ነውና። የተበላሸ ቧንቧ በየመንገዱ ሲፈስ ሕዝቡ «ባለቤት የለውም» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

«በቁጥጥር ሥር ውሏል» የሚለው ደግሞ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። ይህን ሐረግ የምንሰማው ስለ ሌባና ስለ ተጠርጣሪ ነው። በሽታው ሰብአዊ ሆኖ፣ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ገብቶ፣ ጥፋት ሠርቶ፣ በመጨረሻ ተያዘ። ያሰማራው፣ በሩን የከፈተለት፣ ጥበቃውን ትቶ የተኛ የለም። «አጣዳፊ» በሚለው ቅጽልም ውስጥ አድራጊው በሽታው ነው፤ የሚያጣድፈው እሱ፣ የሚጣደፈው ታማሚው። አጣዳፊ ስብሰባ፣ አጣዳፊ ጥገና የሚባሉት ቃላት በማስታወቂያው ውስጥ ቢፈለጉ አይገኙም።

ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች እንደዚህ ባለ ድባብ ካለፉ በኋላ በአራተኛው ላይ በድንገት አድራጊ ብቅ ይላል፤ ኅብረተሰቡ። እሱ ያፈላል፣ ይጠጣል፣ ይጠቀማል፣ ይታጠባል። («ታጠበ» በ«ተ» የተጀመረ ተደራጊ ግሥ ቢመስልም አድራጊውም ተደራጊውም አንድ ሰው ነው። በዚህ ማስታወቂያ ውስጥ የኅብረተሰቡን ዕጣ የሚገልጽ ግሥ ምረጥ ብባል ይህንኑ እመርጣለሁ።) ምክሩ ትክክለኛ መሆኑን ማንም አይክድም። እጅ መታጠብና ውሃ ማፍላት ነፍስ ያድናል። ነገር ግን ውሃ በጀሪካን ገዝቶ ለሚጠጣ፣ ከሰል በጣሳ ለሚገዛና መጸዳጃ ቤቱን ከዐሥር አባወራ ጋር ለሚጋራ ሰው «አፍልተህ ጠጣ» የሚለው ትእዛዝ ወጪውን ከነኃላፊነቱ ያሸክመዋል። ከታመመም ሳያፈላ በመጠጣቱ ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል።

ረቂቄን ያነበበ በጤና ሙያ ላይ ያለ ወዳጄ በዚህ አልተስማማም። ክርክሩ ጠንካራ ስለሆነ እንዳለ ላስቀምጠው። ለሕክምናው የስሙ ልዩነት ትርጉም የለውም፤ ከባድ ኮሌራ ሕክምና ያላገኘን ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ የቤተ ሙከራ ውጤት አይጠበቅም፤ የሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ ወይም የጉሉኮሱ ፈሳሽ ወዲያው ይሰጣል። በጊዜው ከተሰጠም ከመቶ ታማሚ አንድ እንኳ አይሞትም። ደግሞም «አጣዳፊ ውሃማ ተቅማጥ» የሚለው በመላው ዓለም የሕክምና ባለሙያዎች በኮሌራ የተጠረጠረን ታማሚ ለመመዝገብ የሚጠቀሙበት እውነተኛ የሙያ ቃል ነው እንጂ የእኛ መንግሥት የፈጠረው ውሸት አይደለም፤ «ኮሌራ» ቢባል ሕዝብ ይሸበራል።

ስለ ሕክምናው የምመልሰው የለኝም። ስለ ቃሉ ግን፣ የተጠርጣሪ ስም ከሆነ ጥርጣሬው መቼ ነው የሚያበቃው? ናሙና ተመርምሮ ውጤት የሚወጣበት ቀን አለ። ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ዐሥራ ሦስት ዓመት ተጠርጥሮ የቆየ፣ ፍርድ ያልተሰጠበት ተጠርጣሪ ይኖራልን? ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ አገሮች ኮሌራን፣ ቸነፈርንና ቢጫ ወባን የግድ እንዲያስታውቁ ያዝዝ ነበር፤ ማስታወቅ ደግሞ ንግድንና ቱሪስትን ያሸሻል የሚል ፍርሃት ነበረ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደንብ የበሽታውን ስም ብቻ አይቶ ከማስገደድ ይልቅ ክስተቱ ምን ያህል እንደሚያሠጋ እንዲመዘን አደረገ። የመሸሸጊያው አንዱ ምክንያት በዚህ ቢላላም ስሙ ግን አልተለወጠም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት ሲወዳደሩ፣ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲው የሕግ ምሁር ላውረንስ ጎስቲን፣ የጤና ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን የኮሌራ ወረርሽኞች ተሸሽገዋል ሲሉ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ከሰሷቸው። ጎስቲን የእንግሊዙን ተወዳዳሪ የሚደግፉ ሰው ነበሩ፤ ዶክተር ቴድሮስም ክሱን አስተባብለዋል፤ ተመርጠዋልም። ማን እንደ ረታ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። የእኔ ሥራ ቋንቋው ነውና የማስተውለው ይህን ነው፤ የአንድ አማርኛ ቃል ክርክር ዓለም የሰማው በእንግሊዝኛ፣ በባሕር ማዶ ጋዜጣ፣ በምርጫ ሰሞን ነው።

ለምን እዚህ አልተነሣም? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጤና የሚመድበውን ሀብት እያሳደገ እንዲሄድ ግዴታ ይጥላል። «ተጠያቂ» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። የተደራጊ ስም ነው፤ ጠያቂ ከሌለ ተጠያቂ አይኖርም። በአማርኛ «ጠያቂ» ደግሞ ሁለት ሰው ነው፤ ጥያቄ የሚያቀርበውና የታመመ ለማየት ብርቱካን በፌስታል ይዞ የሚመጣው። ሁለቱን በአንድ ግሥ የሚጠራው ቋንቋ፣ የታመመን መጠየቅ ማለት አልጋው አጠገብ ተቀምጦ «ምን ሆንክ? ምን አገኘህ? ማን አየልህ?» ማለት መሆኑን ያውቃል። ታማሚው የታመመውን ስም ካላወቀ ለጠያቂው ምን ብሎ ይመልሳል? ጠያቂውስ ለማን ሄዶ ምን ይጠይቃል? የእማማ ጥያቄ ወደ እኔ የመጣው ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረው ነው፤ እኔም የመለስኩላቸው ማስታወቂያውን ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ «ኮሌራ» ይባላል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ላይ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የቆየው ወረርሽኝ ከመጀመሪያው በዚህ ስም ተጠርቷል፤ የታማሚዎች ቁጥርም በየጊዜው ይገለጽ ነበር። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ያቃለልኩት እንዳይመስል። ቢሆንም ባለፈው መንፈቅ ዓመት ከላይ ያለውን ናሙና ለተማሪዎቼ ሰጥቼ «አተት» የሚለውን በ«ኮሌራ» እንዲተኩ ሳደርግ፣ ከአንድ ቃል በቀር ምንም ነገር መንካት አላስፈለጋቸውም። «ተደርጓል» እንዳለ ነው። «ጥሪ ቀርቧል» እንዳለ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱን ግሥ ከአድራጊ ጋር እንዲጽፉት አዘዝኩ። «የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት በዚህ ቀን ጉድጓዱን በክሎሪን አከመ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ቀኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ተማሪዎች ቀኑን ለመጠየቅ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ደብዳቤ አምጡ ተባሉ። ደብዳቤውን ጻፍኩላቸው፤ ይህ እስከተጻፈበት ጊዜ ድረስ መልስ አላገኙም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። በ2009 ዓ.ም. በሽታው የበረታበት ክልል ሕዝብ የሚናገረው ሶማሊኛ ነው። እኔ ሶማሊኛ አላነብም። እዚህ ያልኩት ሁሉ ስለ አማርኛው ማስታወቂያ ነው፤ የሶማሊኛው ግሥ ባለቤቱን እንዴት እንደሚይዝ፣ ለበሽታውም ሕዝቡ የራሱ ስም ያለው እንደሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ተመራማሪ ቢጽፍልን እኔ በበኩሌ የመጀመሪያው አንባቢ እሆናለሁ።